ስምንት ጠብታ ሽንት

ሥራ የጀመርኩ ዕለት የላቦራቶሪው ኃላፊ ኦቦ ገመቹ ማይክሮስኮፑን አላስነኩኝም። ነጭ ጋውኔን አስተኩሼ፣ የቴክኒሺያንነት የምስክር ወረቀቴን በፖስታ ይዤ ላቦራቶሪው በር ላይ ስቆም ቀና ብለው አዩኝና ወደ ባልዲው ጠቆሙኝ። የትናንት የመሞከሪያ ቱቦዎች በሳሙና ውኃ ተዘፍዝፈውበታል። «ኢንተለ ኮ፣ መጀመሪያ እነዚህን እጠቢ» አሉኝ። ልጄ ማለታቸው ነው።

ሳምንቱን ሙሉ ቱቦ ሳጥብ ሰነበትኩ። አዲስ አበባ ድረስ ሄጄ የተማርኩት ዕቃ ለማጠብ ነው እንዴ እያልኩ በሆዴ ስነጫነጭ፣ ኦቦ ገመቹ እያንዳንዱን ቱቦ ወደ መስኮቱ ብርሃን አንሥተው ያዩና ያልጠራውን መልሰው ባልዲው ውስጥ ይከቱታል። «ያልጠራ ቱቦ ውሸታም ነው» ይሉ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ሰኞ ወንበራቸውን ለቀው «በይ አሁን ተቀመጪ» አሉኝ።

አባቴ ከጉራጌ አገር መጥቶ ነቀምት ላይ ሱቅ የከፈተ ነጋዴ ነበር። እኔ እዚያው ተወልጄ፣ ቤት ውስጥ አማርኛና ጉራጊኛ፣ ደጅ ስወጣ ኦሮምኛ እየተናገርኩ አደግሁ። ይህ የምነግራችሁ ጉዳይ የሆነው በሰባዎቹ መጀመሪያ በደርግ ጊዜ ነው። ሆስፒታሉ ከነቀምት ብዙ አይርቅም። ስሙን እተወዋለሁ፤ ስህተቱ የራሴ ስለሆነ ዳፋው ለሌላ እንዳይተርፍ።

ላቦራቶሪያችን አንዲት ክፍል ነበረች። አንድ ማይክሮስኮፕ፣ ጠረጴዛ ጠርዝ ላይ የታሰረ፣ ቱቦ አሽከርክሮ ዝቃጩን የሚለይ በእጅ የሚዞር ሴንትሪፊዩጅ፣ የአልኮል መብራት፣ የጠርሙስ መደርደሪያ። የጄኔሬተሩ ነገር አያስተማምንም ነበርና ማይክሮስኮፑ የሚሠራው በመስተዋቱ ነው፤ መስተዋቱን ወደ መስኮቱ አዙረን በፀሐይ እናያለን። ሲደምን ሥራ ይዘገያል። በክረምት ዶክተሮቹ ውጤት ሲጠይቁ ኦቦ ገመቹ ሰማዩን ያሳዩአቸዋል።

እርሳቸው በሚሲዮን ክሊኒክ በድሬሰርነት ጀምረው፣ ላቦራቶሪን ከፈረንጅ ነርስ በዓይናቸው የተማሩ ሰው ናቸው። በዚያ ዘመን የሚጸልዩበት ቸርች ታሽጎ ነበር። ሴንትሪፊዩጁን ሲያዞሩ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። መዝሙር እየዘመሩ እንደሆነ እኔ አውቃለሁ፤ እንደማውቅም ያውቃሉ። ስለዚህ ነገር ግን አንድም ቀን ተነጋግረን አናውቅም።

ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት የሚተኙበት ክፍል ከእኛ በሁለት በር ይርቃል። የሙቀት ክፍል እንለዋለን። ሕፃናቱ የሚተኙት አናጢያችን በሠራቸው፣ ክዳናቸው መስታወት በሆነ የእንጨት ሳጥኖች ውስጥ ነው፤ ዙሪያቸውን የሞቀ ውኃ ጠርሙስ በፎጣ ተጠቅልሎ ይቀመጣል። የክፍሉ አዛዥ ሲስተር አስቴር ነበረች። እርሷ ሳትፈቅድ ዝንብም አይገባም።

ሕፃናቱ በትንሽ ነገር ኢንፌክሽን ይይዛቸዋል። ያን ጊዜ ፔኒሲሊንና ጄንታማይሲን በመርፌ ይሰጣቸዋል። ጄንታማይሲን ብዙ ልጅ አድኗል፤ ኩላሊት ላይ ግን ይጨክናል፤ ያውም ገና ተሠርቶ ባላለቀ ኩላሊት ላይ። ዶክተር ይልማ ተመድቦ እንደመጣ ያወጣው ደንብ፣ መድኃኒቱን የጀመረ ሕፃን ሁሉ በየሁለት ቀኑ ሽንቱ ይመርመር የሚል ነበር። በደም የኩላሊትን ሥራ የምንለካበት መሣሪያ አምፖሉ ከተቃጠለ ቆይቷል። ባይቃጠልስ፣ ከአንድ ኪሎ ተኩል ልጅ ስንት ደም ይቀዳል? ስለዚህ ስለ ኩላሊት የሚነግረን ሽንቱ ብቻ ነበር።

ችግሩ መጠኑ ነው። ስኳር ለመፈተን መጽሐፉ ስምንት ጠብታ ሽንት ይጠይቃል። ፕሮቲኑ ሌላ ጠብታ ይፈልጋል፤ ማይክሮስኮፕ ሥር የሚታየው ዝቃጭም የራሱን ድርሻ ይፈልጋል። በሰባት ወሩ የተወለደ ልጅ በአንድ ጊዜ አንድ የሻይ ማንኪያ ከሸና ጎበዝ ነው፤ ከዚያውም ግማሹን ጨርቁ ይጠጣዋል። ኦቦ ገመቹ ሁሉንም በግማሽ መሥራት አስተማሩኝ፤ አራት ጠብታ ሽንት፣ ስኳሩን የሚፈትነው ሰማያዊ ፈሳሽም በዚያው ልክ ግማሽ። የሱቅ ልጅ ነኝና ልኬት አይከብደኝም። ሽንቱን የምንሰበስበው በጥጥ ነበር። ሲስተር አስቴር ንጹሕ ጥጥ በጨርቁ ውስጥ ታደርጋለች፣ ጥጡ ሲርስ እኔ በሲሪንጅ እጨምቀዋለሁ።

አንድ ቀን የአንድ ወንድ ሕፃን ሽንት መጣልኝ። ጠብታው ያረፈበትን ስስ መስታወት፣ ስላይዱን፣ ማይክሮስኮፕ ሥር ሳይ የሚያንጸባርቁ ክብ ክብ የስብ ጠብታዎች ሞልተውበታል። በሽንት ውስጥ ስብ መታየት የከባድ የኩላሊት በሽታ ምልክት ሊሆን እንደሚችል ደብተሬ ላይ ጽፌ ነበር። ልቤ ዘለለ። እውነቱን ልናገር፣ የዘለለው ከሐዘን ይልቅ በኩራት ነበር። በቀይ እስክሪብቶ «ስብ፣ በጣም ብዙ» ብዬ ጽፌ ራሴ ይዤ ሮጥኩ።

ዶክተር ይልማ ወረቀቱን አይቶ ልጁ ወደ አዲስ አበባ ይላክ አለ። ላንድሮቨሩ ተነሣ፤ ጠርሙሶቹ በሞቀ ውኃ ተሞሉ። ያን ሁሉ መንገድ አንድ ኪሎ ተኩል ልጅ በሳጥን ይዞ መሄድ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። አያቱ በረንዳው ላይ ቁጭ ብላ ታለቅሳለች።

ኦቦ ገመቹ ከምሳ ሲመለሱ ነገሩን ሰሙ። ከእኔ ጋር አልተከራከሩም። የተጨመቀውን ጥጥ ከቆሻሻ ማጠራቀሚያው አወጡና አሸተቱት። ከዚያ ወደ በረንዳው ሄደው ከአሮጊቷ አጠገብ ቁጢጥ አሉ። በኦሮምኛ ስለ አገሯ፣ ስለ ከብቶቿ፣ ስለ ዝናቡ ጠየቋት። በመጨረሻ በለሆሳስ ስለ ቅቤ ጠየቋት። እርሷም ምንም አልደበቀችም፤ ሲስተሯ ዞር ስትል፣ አጥንቱ እንዲጠና፣ ሆዱንና ጭኑን በቅቤ ታሸው እንደነበር ነገረቻቸው። ሹፌሩ ሞተሩን አጠፋ።

መጀመሪያ በአሮጊቷ ተናደድኩ። ቆይቼ ግን በራሴ ይበልጥ ተናደድኩ። በእኛ አገር አራስ ልጅ በቅቤ እንደሚታሽ የማላውቅ ይመስል! እኔም በቅቤ ታሽቼ ያደግሁ ነኝ። ደብተሬን ሳስታውስ አገሬን ረሳሁ።

ሐሙስ ሐሙስ የውይይት ክበብ ነበረን፤ መዝጊያው ላይ ሂስና ግለ ሂስ ይደረጋል። የዚያን ሐሙስ ሂሱ የእኔ ሆነ። ሊቀመንበሩ የሆስፒታሉ አስተዳዳሪ ናቸው። «ጓድ ብርቅነሽ የሰፊውን ሕዝብ ቤንዚን በቅቤ ምክንያት ልታቃጥል ነበር» ሲሉ አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ቆሜ ግለ ሂሴን አደረግሁ። ያን ጊዜ ኦቦ ገመቹ ተነሡና «ውጤቱን ሳላይ ያሳለፍኩት እኔ ነኝ። ቁጥጥሩ የእኔ ነው፤ ሂሱ በእኔም ላይ ይመዝገብ» አሉ። ቸርቹ የታሸገበት ሰው በዚያ ዘመን ስሙ መዝገብ ላይ እንዲሰፍር በራሱ አፍ ሲጠይቅ ቀላል ነገር አልነበረም። ያን ጊዜ አላመሰገንኳቸውም፤ አፍሬ ነበር። አሁን አመሰግናቸዋለሁ።

ከዚያ በኋላ ስሜ ተቀየረ። «ቅቤ አንጣሪዋ መጣች» ይሉኛል ድሬሰሮቹ። ዶክተር ይልማ እንኳ ውጤት ስሰጠው «ጨው ጨምረሽበታል?» ይለኛል። አብሬ እስቃለሁ፤ ቤቴ ስገባ ግን አልስቅም። ቀስ በቀስ ያልተለመደ ነገር ባየሁ ቁጥር ብዕሬ ከበደኝ። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንደሚባለው ሆንኩ።

ከወራት በኋላ ጫልቱ መጣች። ከጉቴ ወዲያ ካለ ገጠር በቃሬዛ ተይዛ ነው የመጣችው። ሃያ ዓመት ቢሞላት ነው። ባሏ ሚሊሺያ ሆኖ ከዘመተ ወዲህ ወሬው ጠፍቷል። በሰባት ወሯ የወለደቻት ሴት ልጅ አንድ ኪሎ ከአራት መቶ ግራም መዘነች። ጫልቱ በኦሮምኛ «ከእርሱ የቀረችኝ ይህች ናት» አለችኝ። አለማልቀሷ ከለቅሶ ይልቅ ከበደኝ።

በሦስተኛው ቀን ሕፃኗን ኢንፌክሽን ያዛት፤ ሁለቱ መድኃኒቶች ተጀመሩ። በየአሥራ ሁለት ሰዓቱ የጄንታማይሲን መርፌ ትወጋለች። ትኩሳቱ በረደ። ሁላችንም ደስ አለን።

ማክሰኞ ሽንቷን መረመርኩ። አሲዱን ሳንጠባጥብበት ቱቦው ደፈረሰ፤ ፕሮቲን አለ። ዝቃጩን ማይክሮስኮፕ ሥር ሳየው ከጥጥ ክሮቹ መካከል ሦስት አራት ካስት ያየሁ መሰለኝ። ካስት የምንለው የታመመ ኩላሊት ቀጭን ቱቦዎች ውስጥ ረግቶ፣ ሻማ በቅርጹ እንደሚወጣ፣ የቱቦውን መልክ ይዞ የሚወጣ ነገር ነው። እነዚህ ደግሞ ጤፍ የተነሰነሰባቸው የሚመስሉት፣ መጥፎዎቹ ዓይነት ነበሩ።

መስተዋቱን አስተካክዬ ደግሜ አየሁ። የጥጥ ክርም አንዳንዴ ካስት ይመስላል። የአዳራሹ ሳቅ ጆሮዬ ላይ መጣ። ፕሮቲኑስ? ያለ ጊዜው በተወለደ ልጅ ሽንት ትንሽ ፕሮቲን ይገኛል ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ወረቀቱ ላይ «የጥጥ ክር። ሌላ የለም» ብዬ ጽፌ ላክሁ። ስላይዱንም አጠብኩት።

ረቡዕ ጧት በሙቀት ክፍሉ በር ሳልፍ ጫልቱ ጠራችኝ። በሳጥኑ ቀዳዳ እጇን አስገብታ የልጇን እግር በጣቷ ጫን አድርጋ ለቀቀች። የጣቷ ምልክት ጎድጉዶ ቀረ። «ትናንት እንዲህ አልነበረም» አለችኝ። ቀጥላም «ሽንቷን አንቺ ነሽ አሉ የምታዪው። ምን አለ?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ደህና ነው» አልኳት።

በቀጥታ ወደ ላቦራቶሪው ሄድኩ። ኦቦ ገመቹ ሴንትሪፊዩጁን ዘይት እየቀቡ ነበር። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ያየሁትን፣ የጻፍኩትን፣ ለእናቲቱ ያልኳትን። ይጮሁብኛል ብዬ ነበር። ዘይቱን አስቀመጡና «ስላይዱ የታለ?» አሉኝ።

«አጥቤዋለሁ።»

«እንግዲያው አዲስ ሽንት አምጪ። ጥጥ እንዳይነካው፣ ቅቤ እንዳይነካው። በቀጥታ ወደ ቱቦው።»

«ከሴት ልጅ? ያውም ይህችን ከምታክል?»

«እናቷን ጠይቂያት» አሉኝ።

ሲስተር አስቴር ስነግራት ዓይኗ ፈጠጠ። «በእኔ ክፍል ቅቤ የለም!» አለች፤ ያን ነገር አልረሳችውም ነበር። ኦቦ ገመቹ እንደላኩኝ ስትሰማ ግን ሳጥኑ አጠገብ አዲስ ጠርሙሶች አስቀመጠችና የጎን ክዳኑን ብቻ እንድከፍት ፈቀደችልኝ። ሕፃኗን ፈልቶ በበረደ ለብ ያለ ውኃ አጠብናት። እኔ የተቀቀለች ትንሽ ቱቦ ይዤ ጎንበስ አልኩ።

ጫልቱ ጡቷን አልባ ወተቱን በጠብታ አጠባቻት። «አትቸኩዪ። ከጠባች በኋላ ትነጫነጫለች። ከዚያ ዝም ትላለች። ከዚያ ነው የምትሸናው» አለችኝ። እነዚያን ቀናት ሁሉ በመስታወት ውስጥ ስታያት ልማዷን አውቃለች። እንዲህ ዓይነቱን ነገር በየትኛውም ደብተር አልጻፍኩም።

የመጀመሪያው አመለጠኝ፤ አንሶላው ጠጣው። ወገቤ ተቆርጦ ቀና ልል ስል ጫልቱ በክርኗ ጎሰመችኝ። እንደገና ጠብቀን፣ ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ሕፃኗ ነጭነጭ አለች፤ ዝም አለች። ጫልቱ ጆሮዋ ሥር «ሽሽሽ» አለችላት። ቱቦው ሞቀኝ። አሥራ አንድ ጠብታ ቆጠርኩ።

አራቱን ለስኳር አደረግሁ። ሰማያዊው ፈሳሽ ሲፈላ ወደ አረንጓዴ ዞረ፤ ኩላሊቷ መያዝ የሚገባውን ስኳር እየለቀቀ ነው። ሁለት ጠብታ ለፕሮቲን፤ ከትናንቱ ይልቅ ደፈረሰ። የቀረውን ኦቦ ገመቹ አዞሩልኝ፤ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ ይታየኝ ነበር። ስላይዱ ላይ አንድም ክር የለም። ካስቶቹ ግን አሉ። ኦቦ ገመቹም አጎንብሰው አዩና «ሂጂ» አሉኝ።

ዶክተር ይልማ ወረቀቱን ሲያይ ፈገግ ማለት ጀመረ። «ብርቄ፣ እንዳለፈው እንዳይሆን» አለኝ።

«ዶክተር፣ መጥተው ይዩት። ደግሞ ትናንትም አይቼዋለሁ። ፈርቼ ሳልጽፈው ቀረሁ።»

ፈገግታው ጠፋ። ተከትሎኝ መጣና መስተዋቱን አስተካክሎ ረዥም ጊዜ አየ። «ጄንታማይሲኑ ነው» አለ በመጨረሻ። የማታው መርፌ ቀረ። ኢንፌክሽኑ ሊመለስ እንደሚችል፣ መድኃኒቱ ባይቆም ደግሞ ኩላሊቷ ሊሞት እንደሚችል ለጫልቱ ራሱ ነገራት፤ እኔ አስተረጎምኩ። እኔ ዝም ካልኩበት ሰዓት ጀምሮ ሁለት መርፌ ተወግታለች። ያን ቁጥር እስከዛሬ አልረሳሁትም።

መድኃኒቱ በቆመ ማግስት ካስቱ በዛ። ሐሙስ ነበር። ሲስተር አስቴር የሽንት ጨርቁን ደረቁንና እርጥቡን በሚዛን እየመዘነች ሽንቷ እየቀነሰ መሆኑን ነገረችን። በዚያው ሐሙስ በውይይት ክበቡ ሳልጠራ እጄን አነሣሁ። ማክሰኞ ያየሁትን እንዳልጻፍኩ፣ ያልጻፍኩትም መሳቂያ ላለመሆን እንደሆነ ተናገርኩ። ማንም አልሳቀም። ሊቀመንበሩ እስክሪብቶአቸውን ይዘው ቀሩ። ዶክተር ይልማ ተነሥቶ «ከዛሬ ጀምሮ ላቦራቶሪ እርግጠኛ ያልሆነበትን ነገር እርግጠኛ አይደለሁም ብሎ ይላክልኝ። ስቄ ከሆነም ጥፋቱ የእኔ ነው» አለና ተቀመጠ። ሌላ አለቃ ቢሆን ኖሮ ከሥራ ያስወጣኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ፣ ሕፃኗ በጠባች ቁጥር፣ እኔና ጫልቱ በዚያ ሳጥን ላይ ጎንበስ እንላለን። ያየሁትን በቁጥር እጽፋለሁ። አርብ ያው ነበር። ቅዳሜ ያው ነበር። በስድስተኛው ቀን አረንጓዴው ፈሳሽ ሰማያዊ ሆኖ ቀረ። እብጠቱ ጎደለ። በዘጠነኛው ቀን ስላይዱን ከዳር እስከ ዳር ሁለት ጊዜ አየሁት። ንጹሕ ነበር። ኢንፌክሽኑም አልተመለሰም። ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ሕፃኗ ሁለት ኪሎ ስትሞላ ጫልቱ ወደ አገሯ ልትሄድ ስትል ልጇን ታቅፋ ላቦራቶሪ መጣች። ያን ሁሉ ቀን የማየውን እርሷም ማየት ፈለገች። የዚያን ዕለቱን ስላይድ አስተካክዬላት አንድ ዓይኗን ጨፍና አየች።

«ምንም የለም እኮ» አለችኝ ቅር ብሏት።

«አዎ፣ ምንም የለም» አልኳት።

ከዚያ ነገርኳት። «ያን ቀን እግሯን ስታሳዪኝ ደህና ነው ያልኩሽ ውሸት ነበር። አንድ ቀን ቀድሜ አይቼዋለሁ።»

ኦቦ ገመቹ ጀርባቸውን አዙረው ጠርሙስ ይደረድራሉ።

«አውቄአለሁ» አለችኝ። «ደህና ነው ስትዪኝ ዓይኔን አላየሽም። በልቤ ሞተች ብዬ ነበር። ቱቦውን ይዘሽ ስትመለሺ ነው ያመንኩሽ።» ነጠላዋን ልታጣፋ ብላ ልጇን ክንዴ ላይ አስቀመጠችልኝ። ተቀብላኝም «ገለቶሚ» ብላ አመሰገነችኝና ወጣች።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። አሁን ነቀምት በከኒሳ ቀሴ ሰፈር ተቀምጬ ጡረታዬን እበላለሁ። የዛሬዎቹ ልጆች ከአንድ ጠብታ ሽንት ስንት ነገር የሚያነብ መሣሪያ እንዳለ ይነግሩኛል፤ ደስ ይለኛል፤ እቀናለሁም። መሣሪያው ምንም ይሁን ምን ያያችሁትን ጻፉ። ካላመናችሁበት ናሙናውን ድገሙ። እናቲቱ ከጠየቀቻችሁም «ገና አላወቅሁም» በሏት።